አሸዋው መሬት የነካ ዕለት

ባለቤቴ ለሳኝ ነው። ሰዎች ቤት ሠርተው ሲጨርሱ ግድግዳውን በሲሚንቶ የሚያለብሰው እሱ ነው። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የምንኖረው ሰበታ ነው። ጠዋት ጠዋት አብረን ከቤት እንወጣና እኔ በእግሬ ወደ ትምህርት ቤቴ፣ እሱ ታክሲ እየቀያየረ ያኔ ሥራ ወደነበረበት ወደ ሱሉልታ ይሄድ ነበር። በሁለቱ መካከል አዲስ አበባ በሙሉ አለች። ማታ ሲመለስ ራቱን ሳይጨርስ እንቅልፍ ይጥለው ነበር።

የወደቀ ቀን ስልኬ የጮኸው በዕረፍት ሰዓት፣ የመምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ደብተር ሳርም ነው። የደወለው አብሮት የሚሠራ ለሳኝ ነበር።

"እህቴ፣ አትደንግጪ። ደህና ነው፣ ይናገራል" አለኝ።

"ይናገራል" ያለው ነው ያስደነገጠኝ። ደህና ስለሆነ ሰው መናገር አለመናገር ማን ያወራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሳኞቹ ፎቁን ሲለስኑ የሚቆሙት በባሕር ዛፍ አጣና በተሠራ ርብራብ ላይ ነው። እነሱንና የሲሚንቶ ገንዳቸውን የተሸከመው አግዳሚ አጣና መሃሉ ላይ ተሰበረ። ጓደኛው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ተረፈ፤ የእኔው ከነገንዳው ወረደ። ጓደኛው በኋላ ሲነግረኝ አጣናው ከጠዋት ጀምሮ ትንሽ ጎብጦ ነበር፤ "ያው እንጨት አይደል፣ ይጎብጣል ብለን ተውነው" አለ። ልወቅሰው አልቻልኩም። እንጨት ሲጎብጥ የላዩ ወገን ይጨመቃል፣ የታቹ ወገን ይለጠጣል፤ ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሚለጠጠው ከታቹ ነው። ከላይ የቆመ ሰው ይህን በምን ዓይኑ ያየዋል?

አዲስ አበባ ወዳለ ሆስፒታል ወስደውት አገኘሁት። ፊቱ ላይ ሲሚንቶው ደርቆ እንባው በመሃሉ መንገድ አበጅቶ ነበር። ግራ ጭኑ አብጦ ከሌላው ጭኑ ሁለት እጥፍ ሆኗል፤ እግሩም አጥሯል። መጀመሪያ ያየሁት ማጠሩን ነው። ሁለቱ ተረከዞቹ እኩል አልነበሩም።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ራጁን ወደ መስኮቱ አነሳና አሳየኝ። የጭኑ አጥንት ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ቁራጭ በሌላኛው ጎን አልፎ ወጥቷል።

"ለምንድን ነው እንዲህ የተደራረበው?" አልኩት።

"ጡንቻው ነው። የጭን ጡንቻ ኃይለኛ ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይስባል። እስካሁን ያስቆመው አጥንቱ ነበር። አጥንቱ ሲሰበር የሚያስቆመው አጣ።" ራጁን አወረደና ቀጠለ፤ "ብረት ማስገባት ነበረብን። ለእሱ የሚሆነው ብረት ግን አሁን የለም። እስኪመጣ በገመድ እንስበዋለን።"

ከጉልበቱ በታች ቀጭን ብረት አሳለፉበት። ከብረቱ ገመድ አሰሩ፤ ገመዱ በአልጋው ግርጌ ባለች ትንሽ መዘውር ላይ ዞሮ ወደ ታች ወረደ። ጫፉ ላይ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ተንጠለጠለ። ከዚያ የአልጋውን ግርጌ አንስተው ከሥሩ ብሎኬት አስገቡ፤ አሸዋው ባለቤቴን ጎትቶ እንዳያወርደው የገዛ ሰውነቱ ክብደት ወደ ራስጌው እንዲይዘው ነው።

ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ቀስት ስስል ኖሬአለሁ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ እኩል የሆኑ፣ "ስለዚህ ዕቃው ባለበት ይቆያል" እያልኩ። ዕቃ ነበር የምለው። ያን ቀን በሁለቱ ቀስቶች መሃል የተኛው ባሌ ነው፤ ባለበት ይቆያል የምለው ዕቃ ሲጮኽ ሰማሁት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሰው የሚነገሩ አይደሉም። ጡንቻው ድንገት ይኮማተርና ጭኑ ይዘላል፤ ያኔ አልጋውን በሁለት እጁ ይጨብጣል። "ፍቺልኝ" ይለኛል። "ለአንድ ደቂቃ ብቻ አንሺልኝ። ሰው አያይም።" እኔ ደግሞ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግሁ "ትንሽ ቻል፣ ብረቱ ይመጣል" እላለሁ። ብረቱ እንደሚመጣ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በጠየቅሁ ቁጥር "እየተጠበቀ ነው" ነበር መልሱ።

አጠገቡ የተኙት ከተፍኪ የመጡ ገበሬ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ። ጠዋት ስገባ "አካም ቡልቴ?" ይሉኛል፣ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ባለቤቴ ሲጮኽ ደግሞ ወደ እኔ ዞረው "ጃባዱ ልጄ፣ በርቺ" ይላሉ። ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ለምን እንደሚሉት መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።

ማታ ማታ ጓደኛው እየመጣ ያስታምመዋል፤ እኔ ሰበታ ሄጄ አድሬ፣ አስተምሬ፣ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። ዓለም ገና ላይ መንገዱ ሲዘጋ በታክሲው መስኮት የቆሙትን መኪኖች እያየሁ አሁን ምን ሆኖ ይሆን እላለሁ። ሰው እንዳያየኝ ፊቴን በነጠላዬ እሸፍናለሁ።

አንድ እሁድ ጠዋት ግን ስገባ ባለቤቴ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ። ከወደቀ ጀምሮ ፈገግታውን አይቼው አላውቅም ነበር። ፊቱ ላይ ደም ተመልሷል።

"ተኛሁ" አለኝ። "እንደ ሕፃን ነው የተኛሁት። ምንም አላመመኝም። ዳንኩ መሰለኝ።"

ጓደኛውም ደስ ብሎት "እውነቱን ነው፣ አንዴም አልጮኸም" አለ።

እጄን ይዞ ወደ ራሱ ሳበኝ።  ልስመው ጎንበስ ስል ዓይኔ በአልጋው ግርጌ ወደ ታች ሄደ። ከረጢቱ መሬት ላይ ተቀምጧል። ገመዱ ላልቷል።

አየሁና ገባኝ። ገመዱ አዲስ የናይለን ገመድ ነው፤ እንዲህ ያለ ገመድ ሸክም ተንጠልጥሎበት ሲውል ሲያድር ቀስ እያለ ይረዝማል። እሱም በአንሶላው ላይ ወደ ታች ተንሸራቷል። ሁለቱ ተደምረው አሸዋውን መሬት አደረሱት። መሬት ላይ የተቀመጠ አሸዋ ማንንም አይስብም፤ የሚሸከመው ወለሉ ነው። ባለቤቴ የተኛው ስለዳነ አልነበረም። የሚስበው ነገር ስለሌለ ነው። ጡንቻው ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ነግሦ አጥንቶቹን ወደ ላይ ሲያነባብር አድሯል፤ እሱ ደግሞ ዕረፍት መሰለው።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እስከ ዛሬ በትክክል መናገር አልችልም። ባሌ ከስንት ቀን በኋላ እየሳቀልኝ ነው። ዝም ብዬ ብቀመጥ፣ ቢያንስ እስከ ከሰዓት ድረስ፣ ይስቃል። አፌን ከከፈትኩ ግን ያ ሁሉ ሥቃይ ተመልሶ ይመጣል፤ ያመጣሁትም እኔ እሆናለሁ።

ተነሥቼ ነርሷን ጠራኋት። ያን ሁሉ በሽተኛ ብቻዋን ይዛ ነበር፤ "ሲስተር፣ አሸዋው መሬት ነክቷል" ስላት የያዘችውን ትታ ተከትላኝ መጣች። አይታም "ውይ" ብላ ጓንቷን አጠለቀች።

"ምንድን ነው?" አለ ባለቤቴ።

"ገመዱ ረዝሟል። ወደ ራስጌ እንስብህና እናሳጥረዋለን።"

ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ እንዴት እንደጠፋ አየሁ። "ተዪኝ" አለ። "አላመመኝም እኮ። ስላላመመኝ ነው?"

"እግርህ እያጠረ ነው።"

"ይጠር! የማን እግር ነው?"

ጓደኛው በብብቱ ያዘው፤ እኔ አንሶላውን ይዤ ወደ ላይ ጎተትን። ነርሷ ገመዱን ፈትታ አሳጥራ ቋጠረችው። ከረጢቱ ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ ሲወዛወዝ ባለቤቴ የጮኸው ጩኸት ኮሪደሩ ላይ ያሉ አስታማሚዎችን በሩ ላይ ሰበሰባቸው። አንዲት ሴት "ኧረ እዘኑለት!" አለች። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው።

ከተፍኪ የመጡት ሽማግሌ ናቸው የተናገሩት። "ተዉአት። ጠላቱ እሷ አይደለችም" አሉ፤ ከዚያ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉተመተሙ፤ እኔ አልሰማሁትም።

ጩኸቱ ሲበርድለት ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ?" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ለብዙ ቀን እንደዚያው ሆነ። ሾርባ ሳጎርሰው አፉን ይከፍታል፤ ሳናግረው አይመልስልኝም።

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሙ ከቡራዩ መጡ። በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጡን ሁለታችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ወፍጮ ቤት ጆንያ ሲሸከሙ የኖሩ ጉልበተኛ ሰው ናቸው። ሰላም እንኳ በቅጡ ሳንባባል፣

"ልወስደው ነው" አሉኝ። "መኪና ይዣለሁ። ቡራዩ ያለው ወጌሻ ስንቱን አቁሟል። እዚህ በአሸዋ ታስሮ እስከ መቼ?"

"ጋሼ፣ ወጌሻው ምን ያደርግለታል?"

"ይስበዋል፤ አጥንቱን ቦታው ይመልሰዋል። ከዚያ በቀርከሃ ያስረዋል።"

"እጅ ቢሆን እሺ። ጭን ነው እኮ። ከውጭ ቢታሰር ውስጡ ያለው ጡንቻ መሳቡን አይተውም።"

"አንቺ በመጽሐፍ ነው የምታወሪው።"

ባለቤቴ ከግድግዳው ዞረ። "ውሰደኝ ጋሼ" አለ። "እሷ ትቅር።"

እዚያ ላይ ያለቀልኝ መሰለኝ። ሁለት ወንድማማቾች ተስማምተዋል፤ እኔ ማን ነኝ? ማልቀስ አማረኝ፤ እንባ ግን አልመጣም። ክፍሉ ውስጥ ባለ ባዶ አልጋ ሥር አንድ ሌላ የአሸዋ ከረጢት ነበር። አንሥቼ ለጋሼ ሰጠኋቸው።

"ክንድዎን ወደ ፊት ዘርግተው ይያዙልኝ" አልኳቸው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እባክዎ። እሱን የሚስበው እንዲህ ያለው ነው።"

እንደ ቀልድ አድርገው ያዙት። ጆንያ ለሚሸከም ሰው ይህቺ ምን አላት የሚል ፊት ነበራቸው። ትንሽ ቆይቶ ክንዳቸው ዝቅ አለ፤ መልሰው አነሡት። ጣታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። በመጨረሻ ከረጢቱን አልጋው ላይ ለቀቁትና ክንዳቸውን ያሹ ጀመር።

"ወጌሻውም ሰው ነው ጋሼ" አልኳቸው። "ክንዱ ይደክማል። ጡንቻው ግን ሌሊትም አይተኛም። ይሄ አሸዋ ብቻ ነው አብሮት የማይተኛ።"

 ጋሼ ወንድማቸው ራስጌ ሄደው ቁጭ አሉ። "ለዛሬ ይደር" አሉት። ባለቤቴ ዓይኑን ጨፈነ። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ባሌ ከዚያ ክፍል የሚወጣበትን አንድ በር በገዛ እጄ ዘግቼበት፣ ለምን የሌለ ብረት ጠብቅ እንደምለው ራሴም አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ራጅ አጥንቶቹ ተደራርበው ታዩ። አሸዋ ተጨመረ። እንደገና ጩኸት፣ እንደገና ልመና። ገመዱን በየቀኑ እያየሁ በእጄ መዳሰስ ልማድ ሆነብኝ፤ ወደ ክፍሉ ስገባ ከእሱ ፊት ቀድሜ የማየው ከረጢቱን ነበር።

በትምህርት ቤት ተራው የመለጠጥ ትምህርት ላይ ደረሰ። የተጣለ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጬ ላስቲክ ሠራሁ። ከአንድ ሚስማር አንጠልጥዬ ጠጠር ያለበት ቆርቆሮ አሰርኩበት። ጠጠር ስንጨምር ይረዝማል፣ ስናወርድ ይመለሳል። "ይህ ግን ወሰን አለው" አልኳቸው። "ወሰኑን ካለፈ በኋላ ሸክሙን ብናወርድለትም እንደ ድሮው አይሆንም።"

ፊት የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ብንጠብቀውስ? ቀስ ብሎ አይመለስም?"

"አይመለስም" አልኩ።   ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፤ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ከሽንት ቤቱ አጥር ሥር ቆሜ፣ ያን ሁሉ ሳምንት እምቢ ያለኝን ልቅሶ አለቀስኩት።

ብረቱ መጣ። የመጣው ግን አጥንቱ በራሱ መያያዝ ከጀመረ በኋላ ነው። ዶክተሩ ራጁን ይዞ አልጋው ላይ ተቀመጠና ለባለቤቴ በቀጥታ ነገረው። "ይዟል። ትንሽ አጥሮ ነው የያዘው፣ ሁለት ጣት ያህል። ከፈለግህ ቀዶ ሕክምና አድርገን የያዘውን እንለያየውና በብረት እናስተካክለዋለን። ግን ይህን ያህል ጊዜ ያጠረ ጡንቻ በአንዴ ሲሳብ ከውስጡ ያለውን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ወይም እንዲህ እንተወው።"

ባለቤቴ እኔን አላየኝም። "ይበቃኛል" አለ። "ቤቴ ውሰዱኝ።"

ሁለት ጣት። ያቺ እሁድ ባትኖር ምን ያህል ይሆን ነበር ብዬ ዶክተሩን ጠየቅሁት። "ይህን ማንም ሊነግርሽ አይችልም" አለኝ።

ሰበታ ስንመለስ ይሻላል ብዬ ነበር፤ ባሰ። ሆስፒታል ውስጥ ቢያንስ የሚጠብቀው ነገር ነበረው። ቤት ውስጥ ክራንቹን ግድግዳ አስደግፎ ቁጭ ይላል። ጎረቤት ሊጠይቀው ሲመጣ ተኝቷል በዪ ይለኛል። አንድ ቀን "እኔ እኮ መሬት ላይ የሚሠራ ሥራ አላውቅም" አለኝ፤ ሌላ ቀን ደግሞ የሥራ ዕቃዎቹን በሙሉ ለጓደኛው ስጪ አለኝ። አልሰጠሁም። አልጋ ሥር ከተትኳቸው። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በሩን ዘግቼ መሄድ ያስፈራኝ ጀመር፤ የፈራሁትን ነገር ስሙን በልቤም አልጠራውም ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ክራንቹም የለም። ጎረቤቶቼን ጠየቅሁ፣ ያየው የለም። ስልኩን ትቶት ሄዷል። ጋሼ ጋ ደወልኩ፣ እሳቸውም ጋ የለም። ከዚያ የት እንደሚሄድ ድንገት መጣልኝና በሩን እንኳ ሳልቆልፍ ወጣሁ። ወደ ሱሉልታ ስሄድ የእንጦጦ ዳገት ላይ ታክሲው እያቃሰተ ሲወጣ፣ ያን ፎቅ እያሰብኩ፣ ቁመቱን እያሰብኩ፣ አጠገቤ የተቀመጠችውን የማላውቃት ሴት እጅ መያዜን ያወቅሁት እሷ መልሳ ስትጨብጠኝ ነው።

ከፎቁ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሕንፃው አልቋል። ርብራቡ ወርዷል፣ መስታወት ገብቶለታል፣ ቀለም ተቀብቷል። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። 

"ያቺ ልስን የኔ ናት" አለኝ በጣቱ እያሳየ። "ከመስኮቱ እስከ ጥጉ። ከዚያ በላይ ያለው የሌላ ሰው ነው። ቀለም ተቀብቶም ይታየኛል።"

"ልትገባ ፈልገህ ነበር?"

"ዘበኛው አላስገባኝም።"  ሯጮች በፊታችን አለፉ፤ እስኪያልፉ ድረስ በዓይኑ ተከተላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፣ "ያቺ እሁድ ጠልቼሽ ነበር" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"እውነቴን ነው። ወንድሜ ይዞኝ ቢሄድ አልመለስልሽም ነበር።"

"አሁንስ?"

አሰበበት። ቶሎ ቢመልስልኝ አላምነውም ነበር። "አሁን ሲያመኝ እጠላሻለሁ" አለ። "በብርድ ጊዜ።"

ሱሉልታ ብርድ ነው። የሳቅሁት እኔ ነኝ መጀመሪያ፤ ሳቄ ግን ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ እሱም ክንዱን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ እስኪወጣልኝ ጠበቀኝ። አባበለኝም ማለት አይደለም። 

አሁን ቡራዩ ውስጥ ይሠራል፤ ጋሼ ሠፈር አዳዲስ ቤቶች አጥር ሲያጥሩ እሱ ይለስናል። የግራ ጫማውን ሶል ጫማ ሠሪ አወፍሮለታል። ቆሞ እጁ የሚደርስበት ድረስ እሱ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ያለውን መሰላል ላይ የሚወጣ ሌላ ሰው ይጨርሰዋል። ማታ ወገቤን እሺልኝ ይለኛል፤ በአጠረ እግር ቆሞ መዋል ወገብን ነው የሚበላው። ከእነዚያ ሌሎች ሰዎች ሥራ አንዱን እንኳ አመስግኖ አያውቅም። "ከኔ በላይ ያለው ሁልጊዜ ጠማማ ነው" ይላል፤ እውነት ይሁን ቁጭት፣ ሄጄ አላየሁትም።